በድሬዳዋ ሙቀት መኪናን ግቢ ውስጥ ማጠብና ዋክስ መቀባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ መኪና ይዞ የኖረ ሰው ሁለት ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ፀሐዩንና ውሃውን። በግንቦትና በሰኔ ገና ረፋዱ ላይ ኮፈኖው እጅ አያስነካም። ውሃው ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። ሁለቱ መኪና ላይ ሲገናኙ፣ አዲስ አበባ ላይ ያለ ችግር የሚሠራው የእጥበት ልማድ እዚህ መኪናውን ነብር ያስመስለዋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ባልዲ ይዤ ባየኝ ቁጥር ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ የባጃጅ ሾፌሩም የሚጠይቀኝ ናቸው። መልሶቹ ለአዋሽም ለሰመራም ለጋምቤላም ይሠራሉ፤ የውሃው ጉዳይ ግን በተለይ የእኛው የድሬዎች ነው።

በስንት ሰዓት ልጠብ?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ 2 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ብዙ ሰው "ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሻላል" ይላል። ከቀትር እንደሚሻል አልክድም፤ ግን የማታው ሰዓት ያታልላል። ብረቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር መኪና ጣሪያው ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ፀሐይዋ ስለገባች ብቻ አይበርድም። ከሥራ ነድታችሁ እንደገባችሁ ከሆነ ደግሞ ኮፈኖውን ሞተሩ ከሥር እየጠበሰው ነው። በዚያ ላይ ሰገነት ላይ የተሰቀለው ሮቶ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ሻይ ቅጠል ብቻ የቀረው ነው። ሌሊቱን ግን ብረቱም ውሃውም ቀዝቅዞ ያድራል።

መለኪያው ቀላል ነው። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኖው ላይ አድርጉና ቀስ ብላችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ሳትሳቀቁ አምስት ከደረሳችሁ እጠቡ። ሦስት ላይ እጃችሁን ካነሳችሁ ባልዲውን ወደ ቦታው መልሱት።

ጥላ ሥር ከሆነ ቀትር ላይ ማጠብ አይቻልም?

ይቻላል፤ ግን ትለፋላችሁ። የኒም ዛፍ ጥላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ጣሪያውን ስትጨርሱ ኋላው ፀሐይ ላይ ወጥቷል። ጥላ ውስጥም ቢሆን አየሩ ደረቅና ሞቃት ስለሆነ፣ ነፋስም ስላለ፣ ሳሙናው በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። የግድ ከሆነ መጀመሪያ አካሉን በሙሉ ውሃ አፍስሱበትና አብርዱት። ከዚያ አንዱን በር ሳሙና ቀብታችሁ፣ አለቅልቃችሁ፣ አድርቃችሁ ወደሚቀጥለው በር እለፉ። መኪናውን በሙሉ ሳሙና ቀብቶ ከዚያ በሙሉ ማለቅለቅ ለአዲስ አበባ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ፓራብሬዛችሁ ጠጠር ነክቶት ትንሽ የተሸረፈ ቦታ ካለው፣ እንደ እሳት የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ። ያቺ ነጥብ ዓይናችሁ እያየ ከዳር እስከ ዳር መስመር ልታወጣ ትችላለች።

ከታጠበ በኋላ የሚቀረው ነጭ ነጠብጣብ ምንድን ነው? ሳሙና በደንብ አልለቀቀም ማለት ነው?

ሳሙና አይደለም፤ ድንጋይ ነው። የድሬዳዋ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አካባቢያችን ደግሞ የኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ለዚሁ ነው። ውሃው በዚህ ድንጋይ መሐል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም አሟምቶ ይዞ ይመጣል። ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ይጠጣልም። ጋለ ባለ ብረት ላይ አንዲት ጠብታ ስትደርቅ ግን የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። የያዘችው ማዕድን እዚያው ይቀራል።

ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ነጠብጣቡ እንደ ቀለበት ነው። መሐሉ ሳሳ ያለ፣ ዳር ዳሩ ወፍራምና ነጭ ነው፤ ጠብታዋ ወደ መሐል እየጠበበች ስትደርቅ ዳሩ ላይ ጥላው የሄደችው ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ያለው ቅርፊትና ይሄ ወንድማማች ናቸው።

አዲስ ሲሆን ላዩ ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ ይለቃል። ለሳምንታት ፀሐይ እየጠበሰው ከቆየ ግን ቀለሙ ላይ ያለውን መስታወት የመሰለ ልባስ መብላት ይጀምራል። ያኔ ነጩን ብታነሡትም የቀለበቱ ጉድጓድ ይቀራል። ጥፍራችሁን ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉበት። ጎርበጥ የሚል ነገር ከተሰማችሁ ከላይ የተቀመጠ ማዕድን ነው፤ ለስላሳ ሆኖ ቀለበቱ ግን ከታየ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ታዲያ እንዴት ላስለቅቀው?

በአቼቶ። ነጩን አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጡ። ንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ ነጠብጣቡ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል አልብሱት፤ አትፈግፍጉት። ማዕድኑ በራሱ ይሟሟል። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁ፣ ወዲያው አድርቁ። ሎሚም ይህንኑ ይሠራል፣ ግን ለመኪና ሙሉ ሎሚ መጭመቅ ለገበያውም አይጠቅምም። ይህን ሁሉ ጥላ ውስጥ፣ ብረቱ ቀዝቅዞ ሥሩ። አቼቶ የጋለ ቀለም ላይ ከደረቀ ነጠብጣቡን በሌላ ነጠብጣብ ተካችሁ ማለት ነው። ዋክስ (ቀለሙ ላይ የሚደረበው ስስ የሰም ልባስ) ካለም አብሮ ስለሚያነሣው ያንን ቦታ መልሳችሁ መቀባት አለባችሁ። በድስት መፈተጊያ ሽቦ የሞከረ ሰው አውቃለሁ። የተረፈው ታሪክ አጭር ነው፤ በሩ እንደገና ቀለም ተቀባ።

ከማስለቀቅ መከላከል ይቀላል። ክረምት ላይ ከአሸንዳው ሥር በርሜል አስቀምጡ። የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ አንድ ባልዲ ለመጨረሻ ማለቅለቂያ ብቻ ብታደርጉት መኪናው ሳይወለወል ቢደርቅ እንኳ ነጭ አይጥልም። እኔ አሸንዳው በመጀመሪያው ዝናብ ከታጠበ በኋላ ያለውን ውሃ በጀሪካን ይዤ አስቀምጣለሁ። ቤተሰቤ ይስቅብኛል።

በልብስ ሳሙና ባጥብስ? በዕቃ ማጠቢያውስ?

ሁላችንም ኦሞ የምንለው ዱቄት ለልብስ ነው። በደንብ ያልሟሟችው ፍሬ ጨርቁ ሥር ገብታ እንደ አሸዋ ትፈትጋለች፤ በእኛ ድንጋያማ ውሃ ደግሞ ሳሙና መሟሟትም አረፋ ማውጣትም ይከብደዋል። የዕቃ ማጠቢያው ፈሳሽ ይሻላል፣ ግን ሥራው ቅባት ማንሳት ነው፤ ዋክስም ለእሱ ቅባት ነው። ስለዚህ የዕቃ ማጠቢያውን በዓመት አንድ ሁለቴ፣ አሮጌውን ዋክስ አንስታችሁ አዲስ ልትቀቡ ስትሉ ተጠቀሙበት። ለሌላው ጊዜ የመኪና ሻምፖ ግዙ፤ አንዱ ጠርሙስ በየሳምንቱ ብታጥቡም ወራት ይሄዳል።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስንት ሊትር ይበቃኛል?

ሦስት ባለ 20 ጀሪካን ይተርፋል፤ ጠንቀቅ ካላችሁ ሁለት ይበቃል። በክፍት የውሃ ጎማ ማጠብ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበላል፤ አብዛኛውም መኪናውን ሳይነካ ወደ መሬት ይሄዳል።

የእኔ አከፋፈል እንዲህ ነው። ግማሽ ጀሪካን አቧራውን ለማውረድ፤ ይህ ሳይነካ፣ ሳይታሽ፣ ከላይ ብቻ የሚፈስ ነው። ግማሹ ሻምፖ ያለበት ባልዲ ይሆናል። ሌላ ግማሽ ጨርቅ ማለቅለቂያ ብቻ የሆነ ሁለተኛ ባልዲ። የቀረው ማለቅለቂያ ነው። በጣሳ ከመድፋት ይልቅ የአትክልት ማጠጫ ተጠቀሙ፤ ከሌለ የሃይላንድ ክዳን በምስማር ስድስት ሰባት ቦታ ብሱና ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ውሃው እንደ ሻወር ስለሚበተን አንድ በር በአንድ ሊትር ተኩል ይለቃል። ልጆች ይህን ሥራ ይሻሙበታል።

ሁለተኛውን ባልዲ ብዙ ሰው እንደ ቅንጦት ያየዋል። አንድ ጊዜ ሞክራችሁ ስትጨርሱ ሥሩን እዩት። ያ የተኛው አሸዋ ሁለተኛ ባልዲ ባይኖር በሩ ላይ ይመለስ የነበረ ነው።

ከየት ልጀምር?

ከጎማና ከቸርኬ፤ በተለየ ጨርቅ፤ ያ ጨርቅ ከዚያ ወዲያ አካሉን እንዳይነካ። መጨረሻ ላይ ቸርኬ እጠቡ የሚሉ አሉ። በሙቀት ግን ቸርኬ ስትፈትጉ የታጠበው አካል ነጠብጣብ እያበቀለ ይጠብቃችኋል። መኪናው ገና ከመንገድ ከገባ ግን ቸርኬውን ተዉት። ፍሬን ዲስኩ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋበት ሊጣመም ይችላል፣ ከዚያ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈኖ፣ የበሮቹ ላይኛ ግማሽ፣ በመጨረሻ ታችኛው ግማሽና ፓራውልቱ። ከበሩ አጋማሽ በታች ያለው ቦታ ከሁሉም ይልቅ አሸዋ የሚሸከም ስለሆነ ጨርቁ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርስበት።

በየጠዋቱ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ይጎዳል?

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እሱ ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ ተነሥቶ የሚሄደው መኪናችሁ ላይ ነው። የአሸዋው ዋና ነገር ኳርትዝ ነው፤ ከመኪና ቀለም አይደለም ከመስታወት ይጠነክራል። ደረቅ ጨርቅ አቧራውን አያነሣም፤ እየጎተተ ያዞረዋል። ማታ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በሩ ላይ አንጸባርቁት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ካያችሁ የጠዋቱ ጥረጋ ፊርማ ነው። ነጭ መኪና ይደብቀዋል፣ ጥቁር ያጋልጠዋል።

ግቢውን የሚጠብቁት አባት በቅንነት "ልጥረግልህ" ይላሉ፤ ምስጋናው እንዳለ ሆኖ ጨርቁን ፓራብሬዛውና የመብራቶቹ ላይ ብቻ፣ ያውም ረጠብ አድርገው እንዲያሳርፉት መለመን ነው። አቧራ ያለበት መኪና ማፈር የለበትም። የተቧጨረ ነው የሚያሳፍረው።

በምን ላድርቀው?

በማይክሮፋይበር ጨርቅ። የድሮ ካናቴራ ለስላሳ ይመስላል ግን ስፌቱ ይጭራል። ውሃውን ከመፈተግ ይልቅ ጨርቁን ዘርግታችሁ አሳርፉበት፣ ሳብ አድርጋችሁ አንሡት። ሁለት ይኑራችሁ፤ በድሬ ሙቀት አንዱ በውሃ ሞልቶ እስኪጨመቅ የመኪናው ሌላው ቦታ ይደርቃል። መሬት የወደቀ ጨርቅ እስኪታጠብ ድረስ ሥራው አብቅቷል፤ "አራገፍኩት" አይሠራም።

ፖሊሽና ዋክስ አንድ አይደሉም?

ሱቅ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱንም "ፖሊሽ" ብለን ነው የምንጠራቸው። ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ፖሊሽ ውስጡ በጣም የላመ መፈተጊያ አለው፤ ከላይ ስስ ንጣፍ ገፎ ጭረቱን ያጠፋል። ዋክስ ምንም አይገፍም፤ ስስ የሰም ልባስ ደርቦ ይሄዳል። አሁን ባሉ መኪኖች ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ልባስ ከፀጉር ዘለላ ይቀጥናል፤ በየወሩ "ፖሊሽ" የሚያስደርግ ሰው በየወሩ ያንን እያሳጠረ ነው። አንድ ቀን ጣሪያው ላይ እንደ ቆዳ ሲላጥ ፀሐይዋን ይረግማል።

የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ ጥቂት በሁለት ጣቶቻችሁ መሐል እሹት። ትንሽም ብትሆን የሚሻክር ነገር ከተሰማችሁ መፈተጊያ አለው።

የድሮ መኪና ጉዳዩ ይለያል። ጎረቤቴ ፔጆ 404 አላቸው፤ ሐረር ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ሆነው ያገለገሉት ዓይነት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1975 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራው። የመጀመሪያ ቀለሙ ግልጽ ልባስ የለውም፤ ቀለሙ ራሱ ነው ላይኛው። አንድ ቅዳሜ ፖሊሽ ሲያደርጉ ነጩ ጨርቅ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ደንግጠው "ቀለሙን ጨረስኩት እንዴ?" ብለው ጠሩኝ። ጨርቁ ላይ የወጣው በፀሐይ የሞተው፣ ጠመኔ የመሰለው የላይኛው ቀለም ነው። ከሥሩ ያለው ሲገለጥ ኮፈኖው ላይ የቤታቸው መስኮት ታየ። አዲስ መኪና ላይ ግን ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ካወጣ ወዲያው አቁሙ፤ ግልጹን ልባስ ጨርሳችሁ ቀለሙ ጋ ደርሳችኋል።

የትኛውን ዋክስ ልግዛ?

ሦስት ዓይነት ነው የምታገኙት። ጠንካራው በቆርቆሮ ያለው ብዙውን ጊዜ ካርናውባ ነው፤ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዘንባባ ቅጠል ላይ የሚፈተግ ሰም ነው። ሲቀልጥ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ስለሆነ መኪናው ላይ ቀልጦ አይፈስም፣ ግን በእኛ ሙቀት ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ቢቆይ ነው። ውበቱ ግን ጥቁርና ቀይ መኪና ላይ ሌላ ነው። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ፖሊመር ነው፤ ፈሳሽ ነው፣ ለድሬ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ከአራት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ሦስተኛው የሚረጨው ነው፤ ለአንድ ሁለት እጥበት ብቻ፣ ግን ለእንግዳ ቀን ጥሩ ነው።

ሴራሚክ ብለው ስለሚያስተዋውቁት ጠንካራ ልባስ ከጠየቃችሁ፣ ራሳችሁ በግቢ ውስጥ ለመሞከር ድሬ የመጨረሻው ከተማ ነው። ከፈጣኑ ሙቀት ጋር ስትጣሉ ሳታደርሱት ይደርቃል፤ የደረቀ ሴራሚክ ደግሞ በጨርቅ አይነሣም።

ዋክሱ ከፀሐይ ይከላከላል? በመጠኑ። መኪናችሁን ከፀሐይ የሚያድነው ጥላ ነው፤ ዋክስ ደግሞ አቧራው፣ የወፍ ኩሱና የውሃው ማዕድን ቀለሙን በቀጥታ እንዳይነኩት ያደርጋል። ዋክስ የተቀባ መኪና ላይ አዲስ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ ያለ አቼቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል።

በሙቀት ዋክስ እንዴት ነው የሚቀባው?

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። የገዛሁት የመጀመሪያ ዋክስ ላይ "ይቀቡ፣ ይጠብቁ፣ ይወልውሉ" ይላል። ጥቁር አረንጓዴ ኮሮላ ነበረኝ። እሑድ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ግቢው መሐል፣ መኪናውን ሙሉ እንደ ቅቤ ለቀለቅኩት። ከዚያ "ይጠብቁ" ስለተባለ ገብቼ ቡና ጠጣሁ። ስወጣ መኪናው ነጭ ሆኗል። ጨርቁ ይንሸራተታል እንጂ አያነሣም፤ ኃይል ስጨምር ይበልጥ ይጣበቃል። በሁለት ቀን ነው የጨረስኩት፣ የበሮቹ ማጠፊያ ውስጥ የገባው ሲሸጥም አብሮ ሄዷል።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ቀን ሳይሆን ጠዋት፤ ከእጥበት ማግስት ቢሆን ይመረጣል፤ መኪናው ደርቆ ቀዝቅዞ ስለሚያድር። ከማንኪያ ጫፍ የማይበልጥ ወስጄ እርጥበት ባለው ስፖንጅ ግማሽ ኮፈኖ ብቻ እቀባለሁ፤ በጣም ስስ። ሲቀባ በጭንቅ መታየት አለበት። ዋናው ስህተት ይህ ነው፤ ብዙ መቀባት ብዙ መከላከያ ይመስለናል፣ የሚያጣብቀው ሰሙ እንደ ቀጭን ጭስ ሳይሆን እንደ እርጎ ሲሆን ነው። ቶሎ መድረሱን የማየው በጣት ነው፤ አንዱን ጥግ በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ንጹሕ መስመር ከተወ ደርሷል፣ ካጨማለቀ ይጠብቃል። በድሬ ጠዋት ብዙ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ወልውዬ ወደ ሌላው ግማሽ። የመኪናው ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ፀሐይ አጥሩን ስትዘል የደረስኩበት ላይ አቆማለሁ። የቀረው ለሌላ ጠዋት ነው። መኪናው በአንድ ቀን ማለቅ አለበት የሚል ሕግ የለም።

ደርቆ ቢጣበቅብኝስ?

አትፈግፍጉ፣ ውሃም አታፍስሱ። መኪናውን ጥላ አስገቡት፤ ብረቱ ይብረድ። ከዚያ በተጣበቀው ላይ ትንሽ ትኩስ ዋክስ ደግማችሁ ቀቡና ወዲያው ወልውሉ። አዲሱ አሮጌውን ያለሰልሰዋል፣ አብሮት ይነሣል። ነገሩ ግራ ያጋባል ግን ይሠራል። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ የገባውን ነጭ ምልክት የተማሪ ላጲስ ያነሣዋል። ለሚቀጥለው ግን ፕላስቲኩን ቀድማችሁ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ፓራብሬዛው ላይ ዋክስ አይቀባም፤ ዝናብ በመጣ ቀን መጥረጊያው ጭቃ ያደርገዋል።

በናፍጣ መወልወልስ? አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ያበራል፤ ለአንድ ቀን። ከዚያ ያ ቅባት የድሬን አቧራ ሁሉ ይጠራል፣ የበር ጎማውን ያሳብጣል፣ ሽታውም ሙቀት ላይ ሌላ ነው። ነጭ ጋዝም ያው ነው። ከሥር ለተጣበቀ ሬንጅ ጥቂት በጨርቅ ነካ አድርጎ ወዲያው በሳሙና ማጠብ ምንም አይልም። ለማብራት አይሁን።

የወፍ ኩስ ለምን ቶሎ ይነሣ ይባላል?

አሲድ አለው። ቀለሙ በሙቀት ሲለጠጥ ኩሱ ላዩ ላይ ይደርቃል፤ ማታ ቀለሙ ሲሰበሰብ የኩሱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። አንድ የግንቦት ቀን ይበቃዋል። እንግዲህ ከዚራ ጥላ ሥር ያቆመ ሰው ምርጫው ይኸው ነው፤ ወይ ፀሐይ ወይ ወፍ። እኔ ጥላውን እመርጣለሁ፣ መኪናው ውስጥ ግን ሁልጊዜ አንድ ሃይላንድ ውሃና ጨርቅ አለ። እርጥቡን ጨርቅ አልብሳችሁ ጥቂት ከቆያችሁ በኋላ ሳብ አድርጋችሁ አንሡት፤ ደረቁን አትቧጥጡ።

ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ማጠብ እፈራለሁ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። አትፍሩ፤ ዝናብ ላይ የሚሄድ መኪና ባልዲ አይገድለውም። ቻርጅ ላይ እያለ ግን አይታጠብ፣ የቻርጅ መክደኛው መዘጋቱን እዩ፣ የግፊት ውሃ ወደ እሱም ከሥር ወዳሉት ገመዶችም አታነጣጥሩ። መጥረጊያው በራሱ የሚነሣ ዓይነት ከሆነ አጥፉት፤ አለበለዚያ ሳሙና እየቀባችሁ ሳለ ጣታችሁን ይመታችኋል።

ሞተሩንስ?

ሙቅ ሞተር ላይ ውሃ አይደፋም። በርዶ ከሆነም ዲናሞውንና የኤሌክትሪክ ማያያዣዎችን በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍናችሁ፣ በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ። በግፊት ውሃ አስታጥቦ መኪናው አልነሣ ያለው ሰው እንዳትሆኑ።

አፋር ደርሼ ተመለስኩ። አቧራ ብቻ ነው፣ ይቆይ?

አፍዴራ ወይም ሌላ ጨው ያለበት ቦታ ከደረሳችሁ አይቆይም። ጨውና እርጥበት ብረት ይበላሉ፤ ላዩ ሳይሆን ሥሩ ነው የሚጎዳው። በተመለሳችሁ በማግስቱ ከፓራፋንጎው ውስጥና ከሥሩ በብዙ ውሃ አስታጥቡ። ለዚህ ለዚህ ላቫጆ ይሻላል፤ ሥሩን በግቢ ጎማ አታዳርሱትም።

ታዲያ ላቫጆ ሁልጊዜ ብወስደው ምን አለበት?

ምንም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ፀሐይ ላይ ይሠራሉ። ችግሩ ጨርቁ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ሳይ ከእኔ በፊት የነበረውን ጭቃ የጠጣ የጭነት መኪና ቸርኬ የወለወለው ጨርቅ፣ ጨመቅ ተደርጎ ወደ እኔ ኮፈኖ መጣ። ልጁ አልበደለም፣ ሌላ ጨርቅ አልተሰጠውም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጨርቅ ከቤት ይዤ እሄዳለሁ፤ "ለላዩ ይሄን" እላለሁ፣ ጉርሻ እጨምራለሁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም። ስለ ሰዓቱ ግን ያው ነው፤ ጠዋት የመጀመሪያው ሁኑ።

በየስንት ጊዜ ላጥብ? ዋክሱንስ መቼ ልድገም?

እጥበቱ በደረቁ ወራት በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ። ዋክሱን የሚነግራችሁ ውሃው ነው። ጠዋት ኮፈኖው ላይ ጥቂት ውሃ ርጩ። ጠብታዎቹ ክብ ሆነው፣ እንደ ምስር ፍሬ ተነጥለው ከቆሙና ጨርቅ ሳይነካቸው ከተንከባለሉ አለ። ውሃው ተዘርግቶ እንደ ፈሰሰ ወተት ከተኛ አልቋል። ጣሪያውንና ኮፈኖውን ለይታችሁ ሞክሩ። ፀሐዩ በቀጥታ የሚመታቸው እነሱ ናቸው፤ በሮቹ ገና እያንከባለሉ እነሱ ቀድመው ይጨርሳሉ፣ እነሱን ብቻ መድገም ይበቃል። ስትጨርሱ የረጫችሁትን ውሃ ጥረጉት።